ሰው ሲጎድል የማያውቅ «እኛ»

የሩሲያዊው ደራሲ ዬቭጌኒ ዛሚያቲን ሥራ በሆነው «እኛ» በተሰኘው ልብ ወለድ ውስጥ ደጋግሜ የማነበው አንድ አጭር ክፍል አለ። ኢንቴግራል የምትባለው የጠፈር መርከብ ሞተር ሲሞከር፣ ሳይጠነቀቁ ከሥሩ የቆሙ ዐሥር ያህል ሠራተኞች በእሳቱ ተበልተው ያልቃሉ፤ ከጥላሸት በቀር የሚለቀም ነገር አይተርፍም። የመርከቧ ዋና መሐንዲስና የታሪኩ ተራኪ ዲ-503 ይህን በማስታወሻ ደብተሩ ሲመዘግብ የሚኮራው፣ የሥራው ምት ለአንዲት ሰከንድ እንኳ ባለመዛነፉ ነው። ከዚያም ቁጭ ብሎ ያሰላል። ዐሥር ሰው ከመላው ሕዝብ አንጻር ሲታይ በስሌት ውስጥ ሊገባ የማይችል ኢምንት ነው፤ ለእንዲህ ያለ ኢምንት ማዘን ደግሞ ሒሳብ የማያውቁ የጥንት ሰዎች ድክመት ነበር ብሎ ይደመድማል። በዚህ ስሌት ውስጥ ጥላቻም ጭካኔም አይታይበትም። ዲ-503 ጨዋ፣ ትጉህና በሥራው የተመሰገነ ሰው ነው፤ የሚያስደነግጠኝም ይኸው ነው።

ይህን መጽሐፍ የሚያነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ግድግዳቸው መስታወት ስለሆነው ቤቶች፣ ዜጎችን ስለሚከታተሉት ጠባቂዎችና በስም ፈንታ በፊደልና በቁጥር ስለሚጠሩት ነዋሪዎች ነው። እኔ ግን የመጽሐፉን ልብ ያገኘሁት በእነዚያ ዐሥር ሟቾች ዘንድ ነው። ብዙዎች መጽሐፉን ሰው ብቻውን ይኑር ወይስ ከብዙኃኑ ጋር ይኑር ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ አድርገው ያነቡታል። እኔ እንደማምነው የዛሚያቲን ጥያቄ ከዚህ የጠለቀ ነው፦ ራሱን «እኛ» ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ከመካከሉ አንድ ሰው ሲጎድል ያውቃል ወይስ አያውቅም? በዘመድ፣ በጎረቤትና በማኅበር ተከብቤ ስላደግሁ ጥያቄው በቀላሉ የማልፈው አልሆነልኝም።

ዛሚያቲን ይህን ጥያቄ ያነሣው ከዳር ቆሞ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1884 ሌቤድያን በምትባል ትንሽ የሩሲያ ከተማ ተወልዶ በፒተርስበርግ የመርከብ ምሕንድስና የተማረ ሰው ነበር። በ1905 አብዮት ጊዜ ከቦልሼቪኮች ጋር ተሰልፎ የዛር መንግሥት ለብቻው በጠባብ ክፍል አስሮት ነበር፤ የ1917ቱ አብዮት ድል ካደረገ በኋላ በ1922 ደግሞ የቀድሞ ጓዶቹ መልሰው በዚያው እስር ቤት አስገቡት። በእነዚህ ሁለት እስራት መካከል፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ለሩሲያ የሚሠሩ የበረዶ ሰባሪ መርከቦችን እንዲቆጣጠር ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ በኒውካስል ቆይቷል። ይህ ጉዞ ከሁሉ በላይ ትኩረቴን ይስበዋል። ዛሚያቲን በዚያ የጻፈው አጭር ልብ ወለድ ለጸሎቱም፣ ለምጽዋቱም፣ ከሚስቱ ጋር ለሚያድርበትም ሌሊት የጊዜ ሰሌዳ ያወጣ፣ ሌላውንም ሰው በግድ ወደ መዳን ለማድረስ የሚመኝ አንድ የእንግሊዝ ቄስ ይስላል። የ«እኛ» ዘር የተዘራው እንግዲህ ከሞስኮ በፊት፣ በጸጥታና በጨዋነት በሚኖር የእንግሊዝ ሠፈር ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል በ1946 ስለ «እኛ» ሲጽፍ፣ ዛሚያቲን ያነጣጠረው በአንድ አገር ላይ ብቻ ሳይሆን የኢንዱስትሪ ሥልጣኔ በውስጡ በያዘው ዓላማ ላይ ይመስላል ማለቱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

በልብ ወለዱ ዓለም ከጥንት ሊቃውንት ሁሉ የሚከበረው ፍሬድሪክ ቴይለር ነው። ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው ሥራው የፋብሪካ ሠራተኛን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሰዓት እየለኩ፣ ከሁሉ የፈጠነውን መንገድ መርጠው ለሁሉም ማስተማር እንደሚገባ የሰበከ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። ዲ-503 በዚህ ሰው ላይ የሚያገኘው አንድ ጉድለት ብቻ ነው፤ ዘዴውን ከሥራ ሰዓት አሳልፎ ቀኑን ሙሉ ሃያ አራቱንም ሰዓት እንዲገዛ አለማድረጉ። በልብ ወለዱ ውስጥ ሕዝቡን የሚገዛው፣ «አንዱ መንግሥት» የተባለው አገር ይህን ጉድለት ሞልቶታል። ሚሊዮኖች በአንድ ደቂቃ ይነሣሉ፤ ማንኪያቸውን በአንድ ጊዜ ወደ አፋቸው ያነሣሉ፤ እያንዳንዱን ጉርሻ በሕግ የተደነገገውን ሃምሳ ጊዜ ያኝካሉ። ለግል የተተወላቸው በቀን ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዐሥራ ስድስት እስከ ዐሥራ ሰባት ሰዓት፣ ከሃያ አንድ እስከ ሃያ ሁለት ሰዓት። ዲ-503 እነዚህን ሁለት ሰዓቶች በእኩልታው ውስጥ የቀሩ እንከኖች አድርጎ ያያቸውና አንድ ቀን እንደሚሰረዙ ተስፋ ያደርጋል።

ይህ የደራሲ ምናብ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ በዚያው ዘመን ሩሲያ ውስጥ የነበረውን አሌክሴይ ጋስቴቭን ማወቅ ይኖርበታል። ጋስቴቭ የብረት ሠራተኛና ገጣሚ ነበር፤ ስለ ፋብሪካና ስለ ብረት የገጠማቸው ግጥሞች በብዙዎች ዘንድ ይወደዱ ነበር። በ1919 በጻፈው ጽሑፍ የወዛደሩ ሥነ ልቡና ወደፊት አንድ ዓይነት እየሆነ ሄዶ ግለሰብ በስም ፈንታ በፊደልና በቁጥር ሊጠራ እንደሚችል ተነበየ፤ የተነበየውም በተስፋ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በሞስኮ የሠራተኛን እጅ እንቅስቃሴ የሚያጠና ማዕከላዊ የሥራ ተቋም አቋቋመ። ዛሚያቲን ልብ ወለዱን የጻፈው በእነዚሁ ዓመታት፣ በ1920ና በ1921 ነው። ጋስቴቭ በኋላ በስታሊን ዘመን ተይዞ ተገደለ። ስለዚህ ሰው ባነበብኩ ቁጥር የሚሰማኝ ሐዘን ነው። እንደ ዲ-503 ሁሉ እርሱም ለሰው ልጅ ደኅንነትን የተመኘ ይመስለኛል፤ የሰውን ድካም ለማቅለል የተነሣ ሐሳብ ሰውየውን ራሱን ወደ መደምሰስ እንዴት እንደሚደርስ በእርሱ ሕይወት ውስጥ በግልጽ ይታያል።

አሁን ወደ ተራኪው ልመለስ። መጽሐፉ አርባ ማስታወሻዎችን የያዘ ነው። ዲ-503 መጻፍ የሚጀምረው በራሱ ፍላጎት አይደለም፤ ኢንቴግራል በሌሎች ፕላኔቶች ላይ ለሚገኙ ፍጥረታት የምታደርሰው የውዳሴ ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ መንግሥት ዜጎችን ሁሉ ስለጠየቀ ነው። እነዚያ ፍጥረታት ስሕተት የማያውቀውን ደስታ ካልተቀበሉ በግድ ደስተኛ እንዲሆኑ ማድረግ ግዴታ ነው የሚል ዐዋጅም ታትሟል። ዲ-503 የሚያየውንና የሚያስበውን፣ ይልቁንም «እኛ» የምናስበውን ብቻ እንደሚጽፍ ቃል ይገባል። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ብዕር ባነሣ ጊዜ የሚሆነው ነገር በእርሱም ላይ ሆነ። ዐረፍተ ነገሩ በ«እኛ» ተጀምሮ በ«እኔ» ማለቅ ጀመረ። ስለ ከተማው ውበት ሊጽፍ ተነሥቶ ስለ ገዛ እጆቹ ጻፈ፤ እንደ አውሬ ጠጉር የወረሳቸው በመሆናቸው የሚያፍርባቸው እጆች ናቸው። በትምህርት ቤት ሳለ የኔጋቲቭ አንድ ስኩዌር ሩት የሚባለውን የሒሳብ ሐሳብ ሲሰማ አልቅሶ ይህን ነገር ከውስጤ አውጡልኝ ብሎ መጮኹንም አስታወሰ። በስሌት ሊገባ የማይችል፣ ግን አለ የሚባል ነገር መኖሩን ገና በልጅነቱ ጠልቶታል። እኔ እንደማየው እርሱን ከሌላው የለየው መጀመሪያ ፍቅር አይደለም፤ ደብተሩ ነው።

ከዚያ በኋላ በመንግሥቱ ላይ በስውር የምታምፅ አይ-330 የምትባለውን ሴት ያገኛታል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ ወደ ሕክምና ቢሮ ይሄዳል። ሐኪሙ መርምሮ ነፍስ እንዳበቀለና በሽታው የማይድን እንደሆነ ይነግረዋል። ዲ-503 ነፍስ ምን እንደሆነች ሲጠይቅ የሚሰጠው ማብራሪያ ከመጽሐፉ ሁሉ እጅግ የምወደው ነው። ሐኪሙ መስታወትን እንዲያስብ ይነግረዋል፤ ሁሉም ነገር በላዩ አብረቅርቆ ያልፋል እንጂ የሚቀር ነገር የለም። ያ ገጽ በእሳት ለስልሶ ቢከፈትስ? ከዚያ በኋላ ምንም ነገር ነክቶት አይመለስም፤ ሁሉም ወደ ውስጥ ይገባል፣ በውስጡም ይቀራል። በሞተሩ እሳት የተበሉት ዐሥር ሰዎች በዲ-503 ዘንድ ያለፉት መስታወት ላይ እንደሚያልፍ ጥላ ነው። ግለሰብ መሆን ከሌላው መለየት ብቻ መስሎ ይታየን ይሆናል፤ ዛሚያቲን ግን በዚህ ስፍራ ሌላ ነገር ያሳየናል። ነፍስ ያበቀለ ሰው ሌላው ሰው የሚገባበት ስፍራ በውስጡ ያለው ሰው ነው። ከመንጋው የተለየውም ሆነ ለሌላው ሊያዝን የቻለው በዚያው በአንዱ ምክንያት ነው።

የአንድ ድምፅ ቀን የሚባለውን በዓል የሚተርከው ክፍል ለእኛ አገር አንባቢ ልዩ ማብራሪያ አያሻውም። «ባለውለታው» የሚባለው የአንዱ መንግሥት ገዥ በየዓመቱ በሕዝብ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በእጅ ማውጣት ይመረጣል። በዚያ ዓመት ግን የሚቃወም አለ ወይ ተብሎ ለወጉ በተጠየቀ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ እጆች ወጡ። በማግስቱ ጋዜጣው ባለውለታው ለአርባ ስምንተኛ ጊዜ በሙሉ ድምፅ መመረጡን አበሠረ፤ የተቃወሙትን መቁጠር በሙዚቃ አዳራሽ የሚሰማን የሕመምተኛ ሳል ከዜማው ጋር እንደመቁጠር ነው ሲልም አስረዳ። በደርግ ዘመን በቀበሌ ስብሰባ ግራ እጁን አንሥቶ መፈክር ያሰማ ሰው ሁሉ ይህን ገጽ ሲያነብ የሚያውቀውን አዳራሽ ያገኛል። ግለኝነት የንዑስ ከበርቴ በሽታ ተብሎ ይወገዝ ነበር። ሰው በጓዶቹ ፊት ቆሞ ሂስና ግለ ሂስ ሲያደርግ፣ ያላሰበውን እንዳሰበ፣ ያልበደለውን እንደ በደለ መናዘዝ ይኖርበት ነበር። የታላላቆቼን ወሬ እንደሰማሁት ከእስሩና ከግድያው ቀጥሎ ከሰው ልብ ያልወጣው ነገር ይህ ነው፤ ከገዛ አንደበት የሚወጣ የሌላ ሰው ድምፅ። የመስታወት ግድግዳ መሥራት ሳያስፈልግ የሰው ውስጥ ከውጭ እንዲታይ የሚያደርግ ሥርዐት ነበር።

የሁለቱን አገሮች ደራስያን ዕጣም ሳላነጻጽር ማለፍ አልችልም። «እኛ» በገዛ አገሩ እንዳይታተም ተከልክሎ በመጀመሪያ በ1924 ኒው ዮርክ ውስጥ በእንግሊዝኛ ወጣ። በ1927 ከመጽሐፉ የተቀነጨቡ ክፍሎች ፕራግ በሚታተም የስደተኞች መጽሔት ላይ በሩሲያኛ በመውጣታቸው ከሁለት ዓመት በኋላ በደራሲው ላይ የውግዘት ዘመቻ ተከፈተ፤ ማተሚያ ቤቶች በሩን ዘጉበት፤ ከደራስያን ማኅበርም ወጣ። በ1931 ለስታሊን በጻፈው ደብዳቤ ለአንድ ጸሐፊ መጻፍ መከልከል የሞት ፍርድ መሆኑን ገልጾ ከአገር እንዲወጣ እንዲፈቀድለት ጠየቀ። ታዋቂው ደራሲ ማክሲም ጎርኪ አማልዶለት ተፈቀደለት፤ በ1937 ፓሪስ ውስጥ በድህነት ሞተ። መጽሐፉ በሶቪየት ኅብረት የታተመው በ1988 ነው። የእኛው በዓሉ ግርማ ግን የሚማልድለት አላገኘም። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ከተሰበሰበ በኋላ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ለቤተሰቦቹ የሚያለቅሱበት መቃብር እንኳ አልተገኘም። ሰው ሲጎድል እንዳይታወቅ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

ይህን ካልኩ በኋላ ስለ ሌላው «እኛ» መናገር ይገባኛል፤ መጽሐፉን በጥድፊያ ያነበበ ሰው ማኅበር ሁሉ እስር ቤት ነው ወደሚል ድምዳሜ ሊደርስ ይችላልና። እኔ ባደግሁበት ሠፈር የዕድር ጥሩምባ በሌሊት ሲነፋ የማይነቃ ቤት አልነበረም። የሞተው ሰው ሀብታም ይሁን ድኻ፣ የተወደደ ይሁን የተጠላ ድንኳን ይተከልለታል፤ ሥራ ይቆማል፤ ሰው ከቤቱ እንጀራና ወጥ ይዞ ይመጣል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። በአንዱ መንግሥት ዐሥር ሰው ሲሞት ሥራው ለሰከንድ አልተቋረጠም። በዕድር ግን አንድ ሰው ሲሞት የመንደሩ ሥራ በሙሉ ይቆማል። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ መኰነን ትልቅ በደል ነው ብዬ አስባለሁ።

ሆኖም የዕድሩም «እኛ» ንጹሕ አይደለም፤ ይህን መሸፈን አልፈልግም። ቀባሪ እንዳያጣ የሚፈራ ሰው ብዙ ነገር ይታገሣል፤ በልቡ ያለውን አይናገርም። ይሉኝታ ካለ ጠባቂና ካለ ሰላይ በቤታችን ውስጥ የሚሠራ ኃይል ነው። የማትወደውን ሰው ያገባች ሴት፣ የልቡን ሙያ ትቶ ሰው የሚያከብረውን ሙያ የመረጠ ልጅ፣ የማያምንበትን እያደረገ ዕድሜውን የጨረሰ ሽማግሌ በሁላችንም ዘመድ ውስጥ አሉ፤ ከልካይ መንግሥት አልነበረባቸውም፤ «ሰው ምን ይለኛል» ብቻ በቂ ነበር። ስለዚህ አንድ ማኅበር ሰውን ሲሞት ስላወቀው ብቻ በሕይወት ሳለ ያውቀዋል ማለት አይቻልም። ለሞቱ ድንኳን የሚተክልለት ሠፈር በሕይወቱ የተለየ ሐሳብ ይዞ ሲመጣ ስፍራ ሊሰጠው ይገባ ነበር። ዛሚያቲን የእኛን ዕድር አያውቀውም፤ ጥያቄው ግን እስከዚህ ድረስ ይከተለናል።

ከመጽሐፉ ጋር የማልስማማበት ነገርም አለ። አብዛኛው አንባቢ የነጻነት ምልክት አድርጎ የሚያያት አይ-330ን ነው። የመጨረሻ ቁጥር ስለሌለ የመጨረሻ አብዮትም ሊኖር አይችልም ብላ ዲ-503ን በራሱ ሒሳብ የምትረታበት ንግግር በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። ድፍረቷንም አከብራለሁ። ነገር ግን እርሷም ሰውየውን የፈለገችው በአብዛኛው የኢንቴግራል መሐንዲስ ስለሆነ ነው፤ መርከቧን ለአመፁ ልትወስድበት ነው። ባለውለታው ራሱ ዲ-503ን አስጠርቶ ይህን ሲነግረው ስለ ሌላው ሁሉ የማይታመን ቢሆን በዚህ ነገር ሊያስተባብለው የሚችል ሰው የለም። መንግሥት ሰውን መሣሪያ ስላደረገው የተነሣ አመፅ ሰውን መሣሪያ አድርጎ ሲጀምር ምን ሊያደርስ እንደሚችል ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የነበረውን ትውልድ ታሪክ ያነበበ ኢትዮጵያዊ ያውቀዋል። ዛሚያቲን ይህን ያየ ይመስለኛል፤ ነገር ግን በአይ-330 ውበትና ድፍረት ስለተማረከ ሳይፈርድባት አለፈ። እኔ እንዲፈርድባት እፈልግ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ገጾች መንግሥት ለሕዝቡ መድኃኒት ያገኛል፤ ምናብን ከአእምሮ ቈርጦ የሚያወጣ ቀዶ ጥገና ነው። ዲ-503 ከመያዙ በፊት በአንድ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ከማያውቀው ሰው አጠገብ ይቀመጣል። ያ ሰው ዩኒቨርስ ወሰን እንዳለው በስሌት ማረጋገጡን በደስታ ይነግረዋል። ዲ-503 ያንተ ወሰን ያለው ዩኒቨርስ ከሚያልቅበት ወዲያስ ምን አለ ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱን ሳይሰማ የእግር ኮቴ ይመጣል፤ ይዘዋቸው ይሄዳሉ። ይህ ጥያቄ ሰውየው በገዛ ነፍሱ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አይ-330 በመስታወት ደወል ሥር አየር እየተመጠጠባት ስትሠቃይ ከባለውለታው ጎን ተቀምጦ ይመለከታል፤ ፊቷ እየነጣ መሄዱን እንደ አንድ ውብ ነገር ይመዘግባል፤ እርሷም አንዲት ቃል አትናገርም። እኛ እናሸንፋለን ብሎም ደብተሩን ይዘጋል። በመጀመሪያው ገጽ የነበረው መስታወት ወደ ቦታው ተመልሷል።

ብዙ አንባቢዎች እዚህ ላይ መጽሐፉን በተስፋ መቍረጥ ይዘጉታል፤ ኦ-90 ትረሳለችና። ኦ-90 ከአይ-330 በፊት የዲ-503 ወዳጅ የነበረች፣ ክብ ፊት ያላት፣ ገራም ሴት ናት። መንግሥት ለእናትነት ከወሰነው ቁመት ዐሥር ሴንቲሜትር ስላጠረች መውለድ ተከልክላለች። ፍልስፍና አትናገርም፤ አመፅ አታደራጅም፤ ዲ-503 እንኳ እንደ አንድ የዋህ ልጅ ነው የሚያያት። ሆኖም ቅጣቱ ሞት መሆኑን እያወቀች ልጅ እንዲሰጣት ጠየቀችው፤ ፀነሰችም። መዳን የምትችለው ከተማውን ከውጩ ዓለም ከሚለየው ከአረንጓዴው ግንብ ውጭ በመውጣት ብቻ ሲሆን፣ መውጫውን የምታውቀው የቀማቻት ሴት በመሆኗ መጀመሪያ እምቢ አለች፤ በኋላ ግን ስለ ልጁ ብላ ቅናቷን ዋጠች፤ ወጣችም። በዚያ ከተማ ከተፈቀደለት ልክ ዐሥር ሴንቲሜትር የጎደለ ሰው እንደጎደለው ሆኖ ሊኖርና ሌላ ሰው ሊወልድ እንደሚችል የወሰነች እርሷ ብቻ ናት። ልጁ ቁጥር በማይሰጥበት ስፍራ ይወለዳል፤ አባቱ ደብተሩን በዘጋ ጊዜ በዚያ መኖሩን ከእንግዲህ የሚያስብበት ምናብ የለውም።